ኤክስ ሦስት አይሆንም

ቬርና ዶምብሮስኪን በሩቁ የሚያውቃት ሁሉ ግትር ይላታል። እኔ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አጠገቧ ተቀምጬ አልጀብራ ያስጠናኋት ሰው ነኝና ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግትርስ ኮሌጃችን የገዛው ኮምፒውተር ነው። ግትርስ "ሲስተሙ ነው" እያለ ከወንበሩ የማይነሳው የቢሮ ሰው ነው። እሷ የያዘችው አንድ እውነት ነበር፣ ያውም ማንም ሊያስተባብለው የማይችል እውነት። የሆነውን እነግራችኋለሁ፣ የራሴንም ድርሻ አልደብቅም።

ቬርና የተወለደችው ከወረቀት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሥር ባለው ሰፈር ነው። አባቷም፣ እናቷም፣ ሁለት ወንድሞቿም ወረቀት ሲሠሩ ነው የኖሩት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ቢሮው ጠራትና አልጀብራ እንደማይመደብላት ነገራት።

"የእናንተ ሰፈር ወንዶች ለፋብሪካ፣ ሴቶቹ ለቤት ነው የሚሆኑት። ኤክስ ምን ያደርግልሻል?" አላት።

በምትኩ የቤት ሒሳብ የሚባል ክፍል አስገቧት። ለስምንት ሰው የሚሆን ኬክ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲሠራ ስንት ኩባያ ዱቄት ይፈጃል የሚባልበት ክፍል ነው። ልብ በሉ፣ ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። ይህን ስታወራልኝ እየሳቀች ነበር፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ አየዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ የዚያን ሰፈር ልጆች ዕድል በብዕር ጫፍ እንደሰረዘ ትዝ ብሎት አያውቅም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፋብሪካ ገባች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራችው የእንጨቱ ሊጥ በበረኪና በሚነጣበት ክፍል ነው። ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ እንፋሎት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሲመጣ በሩ ተቆልፎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘው። ያ ወረቀት እንኳ የሌላ ፋብሪካ ወረቀት ነበር ትላለች ቬርና፣ እጇ ከነካው ታውቀዋለች።

ከፋብሪካው የወጡት አብዛኞቹ መጋዘን ገቡ፣ አንዳንዶቹ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ቬርና የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የከተማው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ። "ሠላሳ ሁለት ዓመት ወንዙን አቆሸሽኩት፣ አሁን ደግሞ ላጽዳው" ትላለች። ለዚያ ሥራ የሚያበቃውን ኮርስ የሚሰጠው ኮሌጃችን ነው፤ በዓመት አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ይቀበላል። ኮርሱ ውስጥ ለመግባት ደግሞ አልጀብራ ማለፍ ግድ ነው። ያ ከዘጠነኛ ክፍል በር ላይ የመለሷት አልጀብራ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መንገዷ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

እዚህ ላይ እኔ እገባለሁ። ስሜ ኦሪን ነው። ኮሌጁ አልጀብራ የሚያስተምሩ ሦስት መምህራኑን አሰናብቶ ሠላሳ ኮምፒውተር ገዛና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ደረደረ። ከዚያ በሦስቱ ፋንታ እኔንና ኢንግሪድ የምትባል ልጅ በፈረቃ ቀጠረን። አስተማሪዎች አይደለንም፤ አስጠኚዎች ነን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አለ፦ "አስጠኚ የተማሪን ኪቦርድ አይነካም።"

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥራ አራት ምዕራፍ አለ። በየምዕራፉ መጨረሻ አሥር ጥያቄ በተከታታይ መመለስ አለባችሁ። ዘጠኙን መልሳችሁ አሥረኛውን ከሳታችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ለምን እንደሳታችሁ የሚነግራችሁ የለም፤ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፣ አለቀ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አይቻለሁ። ይህን ነገር ማስተማር ብሎ የጠራው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቬርና አሥራ ሦስቱን ምዕራፍ ቀስ እያለች በላቻቸው። ኮምፒውተሩን "አለቃዬ" ነበር የምትለው፣ እኔን ደግሞ "ፕሮፌሰር"። "ፕሮፌሰር፣ አለቃዬ ዛሬ በግራ ጎኑ ነው የተነሳው መሰለኝ" ትለኛለች ስክሪኑ ሲቀላ። የመጨረሻው ምዕራፍ የአልጀብራ ክፍልፋዮችን ማባዛትና ማቃለል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሰናከላል። ከላይ ኤክስ ካሬ ያያል፣ ከታች ኤክስ ካሬ ያያል፣ ሁለቱንም ጭረት አድርጎባቸው ያልፋል። ቬርናም የመጀመሪያው ቀን ያንኑ አደረገች።

"ቆይ ቆይ" አልኳት። "ይሄ ኤክስ ካሬ ከዘጠኙ ጋር በመቀነስ ነው የተያያዘው። ለብቻው ነጥለሽ አትሰርዢውም።"

"ለምን? ከላይም አለ፣ ከታችም አለ።"

"አምስት ሲደመር ሦስት፣ ለአምስት ሲደመር አንድ ሲካፈል ስንት ነው?"

"ስምንት ለስድስት።"

"አምስቶቹን ብትሰርዢያቸውስ?"

"ሦስት ለአንድ… ሦስት።" ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችው። "ገባኝ። ተበይዷል ማለት ነው።"

"ምኑ?"

"በመደመርና በመቀነስ የተያያዘው ተበይዷል። ቆርጬ ላውጣህ ብትለው ሁሉንም ነው የምታበላሸው። በማባዛት የተያያዘው ግን በብሎን የታሰረ ነው። ብሎኑን ፈትተህ አንዱን ታወጣለህ፣ የቀረው ደህና ይቆማል። ለካ ኤክስ ካሬ ሲቀነስ ዘጠኝን በ'ኤክስ ሲቀነስ ሦስት' እና በ'ኤክስ ሲደመር ሦስት' ብዜት የምንፈታው፣ ብየዳውን ወደ ብሎን ለመቀየር ነው! ይቺን ለመናገር ነው እንዴ ሁለት ገጽ የጻፉት?"

"እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጻፈው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ የመጣልኝን ተማሪ ሁሉ በብየዳና በብሎን ነው የማስጠናው።

ጣጣው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦

(x² − 9)/(x² − 4) × (x + 2)/(x − 3)

ቬርና ሁሉንም ወደ ብሎን ቀየረችው። ከላይና ከታች የተገናኙትን ሰረዘች። የቀራት (x + 3)/(x − 2) ነው። ልክ ነበረች፣ በልቤ አጨበጨብኩላት። እሷ ግን ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

"ይሄ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት የት ገባ?"

"ተሰረዛ።"

"ተሰርዞ የት ገባ? መጀመሪያ ላይ ከታች ነበር። ኤክስ ሦስት ቢሆን ከታች ዜሮ ይመጣል። በዜሮ ማካፈል አይቻልም ያልከኝ አንተ ነህ።"

"አይቻልም።"

"አሁን ባለቀው ላይ ሦስትን ሳስገባ ግን ስድስት ብሎ ይመልስልኛል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ኔጌቲቭ ሁለትም እንደዚሁ። ይሄ ነገር ዋሽቷል።"

ያን ጥያቄ ከተማሪ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እውነቱን ነገርኳት፦ ጠንቃቃ የሒሳብ ሰው ከመልሱ ጎን የተከለከሉትን ቁጥሮች ይጽፋል። ሁለት አለመፈቀዱ ከታች ባለው ኤክስ ሲቀነስ ሁለት ይታያል። ሦስትና ኔጌቲቭ ሁለት ግን ዱካቸው ጠፍቷልና በጽሑፍ ካልተያዙ ማንም አያውቃቸውም።

ፊቷ በራ። "በለኛ! ምልክት ይሰቀልበታል ማለት ነው!"

በፋብሪካው አንድን መስመር ዘግቶ ሊጠግን ወይም ሊያጸዳ የሚገባ ሰው ቫልቩን ይቆልፍና ስሙ የተጻፈበት ቀይ ምልክት ያንጠለጥልበታል። ያ መስመር ከሥራ ወጥቷል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ቫልቭ ነው። ምልክቱ ከሌለ የሚያልፍ ሰው ይከፍተዋል። ያንን ምልክት ማውረድ የሚችለው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ የፋብሪካው ባለቤትም ቢሆን አይነካውም። ቬርና ይህን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። አልጀብራን ሲነፍጓት የገባችበት ቦታ አልጀብራውን አስተምሯት ነበር።

መልሱን ጻፈች፣ ከጎኑ x ≠ 3, x ≠ −2 ብላ ጨመረች፣ አስገባ የሚለውን ነካች። ስክሪኑ ቀላ።

ደግማ ሞከረች፣ ቀላ። በነገታው ሌላ ጥያቄ፣ ከነምልክቱ፣ ቀላ። እኔ በራሴ ስም ገብቼ ያለ ምልክቱ ብሞክረው አረንጓዴ ሆነ። እዩት እንግዲህ! ሙሉውን እውነት የጻፈ ወደቀ፣ ግማሹን የጻፈ አለፈ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ያናድደኛል፣ የዚያን ቀን ግን ኮምፒውተሩን አንስቼ ወንዙ ውስጥ መወርወር ነው ያማረኝ።

ወደ አስተባባሪያችን ወደ ሚስተር ፋርንስዎርዝ ሄድኩ።

"ትተወዋ" አለኝ ሳንድዊቹን እየበላ።

"ትክክል እኮ ነች።"

"ትክክል አይደለችም ማን አለ? መልሱ የሚጻፍበት ሳጥን አይቀበለውም ነው ያልኩህ።"

"ታዲያ ሳጥኑን አስተካክሉታ!"

"ሳጥኑ የእኛ አይደለም፣ የኩባንያው ነው። ኦሪን፣ ሴትየዋ ቦታ ማግኘት ነው የምትፈልገው ወይስ ከማሽን ጋር መከራከር?"

ለኩባንያው ጻፍኩ። ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ለምን ትክክል እንደሆነ አንድ በአንድ አስረድቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። አገልግሎታችንን ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡታል?" አንድም ሰው አላነበበውም። ሰው የሚያነበው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይሰድበኝ ነበር።

ጥቅምት አልቆ ህዳር ገባ። የምዝገባው መዝጊያ ቀን ቀረበ፣ ቬርና አሁንም ከአንድ መልስ አላለፈችም። በየቀኑ ትመጣለች፣ ትሠራለች፣ ምልክቷን ትሰቅላለች፣ ስክሪኑ ይቀላል፣ ጓንቷን አጥልቃ ትሄዳለች። አንድ ቀን ለመንኳት።

"ቬርና፣ ለዚህ ማሽን ብለሽ ነው ቦታሽን የምታጪው? አጥፊውና እለፊ። እኔም አንቺም እውነቱን እናውቃለን።"

"ጀሮም ቡዚክን ታውቀዋለህ?"

አውቀዋለሁ። በትንሽ ጋሪ የኦክስጅን ጠርሙስ እየጎተተ ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ ወደ ከተማው ምግብ ቤት የሚመጣው ሽማግሌ ነው።

"ጀሮም ታንከሩ ውስጥ ገብቶ እያጸዳ ነበር" አለችኝ። "ምልክቱ ቫልቩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዴል የሚባል ፎርማን ነበረን፣ ደግ ሰው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳ። መስመሩ ዘግይቷል። ዴል ጀሮም ለምሳ የወጣ መሰለው፣ ምልክቱን ረስቶት የሄደ። በመዘግየቱ እንዳይቀጡት ብሎ፣ ሊረዳው ብሎ፣ ቁልፉን በመቁረጫ ቆርጦ ቫልቩን ከፈተው፤ በረኪናው ጀሮም ላይ ወረደ። ጩኸቱን የሰማሁት እኔ ነኝ።"

እኔ ግን፣ እንደማልረባ ሰው፣ "ኤክስ እኮ ሰው አይደለም፣ ማንም አይሞትም" አልኳት።

"አይሞትም" አለች። "እጄ ግን ይሄን ለምዷል። እዚህ እንዲተው ካስተማርኩት ነገ ውሃው ጋ ስገባ ሌላ እጅ ከየት አመጣለሁ?"

የመዝጊያው ዓርብ ደረሰ። ሬጅስትራር ቢሮው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ከተማው ሁሉ አጋዘን አደን ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ከቬርናና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ሌሊቱን ሳስብበት ያደርኩትን ሐሳብ አቀረብኩላት። በሳጥኑ ውስጥ መልሱን ብቻ ትጻፍ፤ የተከለከሉትን ቁጥሮች ደግሞ ከኪቦርዱ ጎን ባለው ወረቀት ላይ፣ በየጥያቄው ተራ ቁጥር። ሲያልቅ ሁለታችንም እንፈርምበታለን፣ ከፋይሏ ጋር ይቀመጣል።

ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። "ከቫልቩ ላይ ባይሆንም ከጎኑ ተሰቅሏል" አለች። "ይሁን።"

ጀመረች። አንድ፣ አረንጓዴ። ሁለት፣ አረንጓዴ። ያን ቀን ቬርና ስትሠራ ያየ ሰው ያ የዘጠነኛ ክፍል አማካሪ የት ነው ያለው ብሎ ይጮህ ነበር። የሚባዛውን ትፈታለች፣ የሚገናኘውን ትሰርዛለች፣ ወረቀቷ ላይ ምልክቷን ትጽፋለች፣ ታስገባለች። አሥር ሰዓት ላይ ዘጠኙን ጥያቄ ጨረሰች። አሥረኛው መጣ፦

(x² − x − 6)/(x² − 9) × (x² + 5x + 6)/(x² + 4x + 4)

አራቱንም ፈታቻቸው። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ከላይም ከታችም፣ ሄደ። ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ ሄደ። ኤክስ ሲደመር ሁለት ሁለት ጊዜ ከላይ፣ ሁለት ጊዜ ከታች፣ ሄደ፣ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ከጭረት በቀር ምንም አልቀረም። መልሱ አንድ ነው።

ቬርና ሳጥኑ ውስጥ 1 ብላ ጻፈች። ከዚያ እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ከአንዱ ቀጥላ፣ x ≠ 3, x ≠ −3, x ≠ −2 ብላ ጨመረች።

"ቬርና!"

"አየሁት፣ አየሁት።"

"ወረቀቱ ላይ ነው እንጂ የተባባልነው!"

"ቆይ፣ አትጩህብኝ። እስካሁን ባሉት መልሶች ውስጥ ኤክስ ነበረ። ኤክስን ያየ ሰው ትንሽ ይጠነቀቃል። እዚህ ግን አንድ ብቻ ነው የቀረው። አንድን ማን ይጠራጠራል? ምልክት ከሚያስፈልገው ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ቆይ ላስብ።"

ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስክሪኑን ታይ ጀመር። ሰዓቱን አየሁ፣ አሥር ሰዓት ከአሥራ አራት። እሷ አትንቀሳቀስም። አሥር ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ። በውስጤ ያለው ንዴት ሁሉ፣ የአማካሪው፣ የፋርንስዎርዝ፣ የኩባንያው፣ በአንድ ላይ ተነሳብኝ። ይሄን ሁሉ ለፍታ፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ ልትቀር ነው አልኩ። አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ሲል እጄን ዘረጋሁ፣ ከአንዱ ቀጥሎ ያለውን ጠቅላላ አጠፋሁና አስገባ የሚለውን ተጫንኩ።

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። "እንኳን ደስ አለዎት!" የሚል ጽሑፍ ከባለ ቀለም ፊኛዎች ጋር ወጣ።

ቬርና አልጮኸችም። ስክሪኑንም አላየችም፤ ያየችው እጄን ነው። ከዚያ ወረቀቷን ለአራት አጠፈች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ወጣች። እኔ ሞኙ ለመመዝገብ የቸኮለች መስሎኝ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ኮምፒውተሮቹን አጠፋፋሁ።

ሬጅስትራር ቢሮው ስደርስ የምዝገባ ሠራተኛዋ ግሬቸን ልትዘጋ ቁልፉን ይዛ ቆማለች።

"ምን አድርገሃት ነው?" አለችኝ ገና ሳታየኝ ማለት ይቻላል። "መጥታ 'ያለፍኩትን አጥፉልኝ' አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስቀመጥ አሳልፉኝ ብሎ ያለቀሰብኝን ቁጥሩን አላውቀውም። መልሱኝ ያለ ግን እሷ የመጀመሪያዋ ነች።"

"እና ምን አልሻት?"

"ምን እላታለሁ? ለማሳለፍ ቁልፍ አለ፣ ለመጣል ቁልፍ አለ፣ ያለፈን ሰው የሚመልስ ቁልፍ የለም አልኳት። የኮርሱን መመዝገቢያ ፎርም ሰጠኋት፣ ሳትፈርም መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቦታው ከእሷ ቀጥሎ ላለው ይሄዳል እንግዲህ።"

ካፖርት ሳልደርብ ሮጥኩ። መኪና ማቆሚያው ላይ የፒክአፗን ሞተር አስነስታ የመስታወቱን በረዶ እየፋቀች ነበር።

"ቬርና፣ ነይ ተመለሺ! ግሬቸን ገና አልሄደችም!"

"ያለፍከው አንተ ነህ" አለችኝ መፋቋን ሳታቆም። "ሂድና ፈርም።"

"ስምንት ደቂቃ ነበር የቀረሽ! ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ልይሽ? አንቺም እኮ ልታጠፊው ነበር። ንገሪኝ እስቲ፣ ልታጠፊው አልነበረም?"

መፋቂያውን አወረደችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"አላውቅም" አለች። "ኦሪን፣ እያሰብኩ ነበር። ላጠፋው እችል ነበር፣ የሰቀልኩት እኔ ነኛ። ልተወውና ልወድቅም እችል ነበር። ስምንት ደቂቃዬን ይዤ ከራሴ ጋር ተቀምጬ ነበር። አሁን ምን አደርግ እንደነበር እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም።"

ፕሮፌሰር አላለችኝም። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

በጥር ተመለሰች። ኮምፒውተሩ "አልፈዋል" እያለ አላስገባ ስላላት ግሬቸን እንደ አዲስ ተማሪ መዘገበቻት። አዲስ ተማሪ ደግሞ ከምዕራፍ አንድ ነው የሚጀምረው። የሃምሳ ሦስት ዓመቷ ሴት፣ የብየዳና የብሎን ሊቋ፣ ሰባትና ስምንት ሲደመር ስንት ነው ከሚለው ጀመረች። አሥራ አራቱንም ምዕራፍ፣ እያንዳንዱን አሥር በተከታታይ፣ እንደገና። የምትመጣው በኢንግሪድ ፈረቃ ነበር። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ በጨዋነት አንገቷን ዝቅ ታደርግልኛለች።

ለሰው ይህን ሳወራ ፋርንስዎርዝን እሰድባለሁ፣ ኩባንያውን እሰድባለሁ፣ ሰውም ከእኔ ጋር ይናደዳል። ስድቡ ይገባቸዋል፣ አንዱንም አልመልስም። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ማሽኑ ሲያቀላባት አልተሸነፈችም፣ አስተባባሪው ሲያሾፍባት አልተሸነፈችም። ያንን መስመር ያጠፋው እጅ የእኔ ነው።

በሚያዝያ ስሟ በአላፊዎች ዝርዝር ላይ ወጣ። በመስከረም የውሃውን ኮርስ ትጀምራለች። ዝርዝሩ የተለጠፈ ዕለት ኢንግሪድ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

"ስትጨርስ አጠገቧ ነበርኩ" አለችኝ። "አሥረኛው ላይ ኮምፒውተሩ ያንን የድሮ ጥያቄ አወጣባት፣ አንድ ብቻ የሚቀረውን። ሳጥኑ ውስጥ ምን ብላ እንደጻፈች ልንገርህ?"

"ተይው፣ ምልክቱ የእሷ ነው" አልኳት፣ ወደ ክፍሉም ገባሁ።